ለቱርጁማኑ ጥርስ የተመረጠ መክሰስ

መተማ፣ ኅዳር 9 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ የአክስት ልጅ ለመምህር እንግዳው፤ ገዳሪፍ።

አያ እንግዳው፣ እኔ ወባውም ሳይጥለኝ ሙቀቱም ሳይበግረኝ አለሁ። እርስዎን የሰው አገር ውሃ ይስማማዎ፤ ዓይንዎንም ለንባብ ያቆይልዎ። ልጄ መስከረም ጉልበትዎን ስማለች።

ይህን ወረቀት የሚሰጥዎ አብዱልሀኪም ነው፤ የጨው ነጋዴው። በግመሉ ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ያመጣዋል። በጉምሩክ በኩል የሚያልፍ ደብዳቤ ሁሉ ይከፈታል፤ ከፍቶ የሚያነበውም እርስዎ ፊደል ያስቆጠሩት ፈረደ ነው። ዛሬ የጣሊያኑ ሹም ቱርጁማን ሆኗል።

ባሌ አዛናው ባለፈው ሰኔ እንደተገደለ ሰምተዋል። እንዴት እንደሆነ ግን የነገረዎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከኮኪት ሰሊጥ ጭኖ ሲመጣ ኬላው ላይ ፈተሹት፤ ከአንዱ ጆንያ ጥይት ወጣ። ሹሙ ሲጠይቀው አዛናው፣ ይህ ጆንያ የእኔ አይደለም፣ ሰው አድርስልኝ ብሎኝ ነው አለ። ፈረደ ግን ለሹሙ፣ «ጥይቱን ለሽፍታ የማመላልሰው እኔ ነኝ ይላል» ብሎ ተረጎመለት። ይህን ሌላ ሰው አልነገረኝም። ራሱ ፈረደ ጠጅ ቤት ተቀምጦ፣ የጣሊያንኛ ችሎታውን ሲያሳይ፣ እየሳቀ አውርቶታል።

በማግስቱ ወሰዱት። የት እንደገደሉት፣ የት እንደጣሉት ከአገሩ ሰው የሚያውቅ ፈረደ ብቻ ነው። አሁን ቤቴ እየመጣ፣ መስከረምን ዳሪኝና አባቷ ያለበትን አሳይሻለሁ ይለኛል። ልጄ ጥቁር ለብሳለች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከሐዘን አትወጣም ብዬ መለስኩት። እሺ፣ እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥር እታገሣለሁ፣ ከዚያ ሹሙን ይዤ እመጣለሁ አለኝ።

መርዝ አስቤ ነበር፤ አልዋሽዎም። ግን እሱ ከሞተ አዛናው ያለበትም አብሮ ይጠፋል። ባሌ ያለ ፍትሐት ሜዳ ላይ ቀርቶ፣ ልጄም ለገዳዩ ተሰጥታ ልኖር አልችልም። ብልሃት ይፈልጉልኝ። እርስዎ ያስተማሯቸውን ልጆች ከእኔ ይልቅ ያውቋቸዋል። ፈረደ ዛሬም የሚኮራው በጥርሱ ነው፤ ኪሱ ውስጥ መስታወት ይዞ በቀን ሦስት ጊዜ ያየዋል።

እህትዎ አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም አገኘሽ።

እግዚአብሔር ከሐዘንሽ ጋር ብርታቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ በሃያ አንደኛው ቀን ደረሰኝ። ሦስት ቀን አስቤበት ይህን እጽፋለሁ። አንብበሽ አቃጥዪው።

ፈረደና አዛናው በአንድ ሰሌን ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎቼ ነበሩ። አንዱ ሌላውን ምን እንዳደረገው በእጅሽ ጽፈሽ ባላነብ ኖሮ አላምንም ነበር።

ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር የልጆቹን አፍ እመለከት ነበር። ጥርሱን የሚያመው ልጅ ትምህርት አይገባውም። ማን ምን መክሰስ ይዞ እንደሚመጣ፣ የማንስ ጥርስ መቼ እንደተበላ በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። የሽምብራ ቆሎ፣ የማሽላ እሸት፣ ስኳር ያልነካው የታመሰ ሰሊጥ ወይም እርጎ የሚያመጡት ልጆች ጥርሳቸው ድንጋይ ነበር። ተምርና ስኳር ከእጃቸው የማይለየው የባለሱቆቹ ልጆች ግን አሥር ዓመት ሳይሞላቸው መንጋጋቸው ይጠቁር ነበር። ሌላም ነገር አይቻለሁ። ዋናው ጉዳት የጣፋጩ ብዛት አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አንድ ሳህን ሐላዋ፣ ያን የሰሊጥና የስኳር ጣፋጭ፣ በአንዴ በልቶ በውሃ የሚጉመጠመጥ ሰው፣ ትንሽ ቁራጭ በጉንጩ ይዞ ከሚውለው ይሻላል። እውነተኛው ምክር ይህ ነው፤ አንቺና መስከረም በዚህ ኑሩ።

ከዚህ በኋላ ስለ መስከረም ጥርስ በጉምሩክ በኩል ትጠይቂኛለሽ። እኔም በዚያው መንገድ ተቃራኒውን እመልስልሻለሁ። ለጥርሱ የሚሳሳ ሰው የአስተማሪውን ምክር አንብቦ ዝም ብሎ አያልፍም። መተማ ላይ ጥርስ የሚነቅል የለም። ለሹሙ ሐኪም እንዳያሳይ ደግሞ፣ መናገር ያቃተው ቱርጁማን በማግስቱ በሌላ ይተካል። ሲብስበት የሚመጣው ወደዚህ ነው። እዚህ ከደረሰ፣ አዛናው ያለበትን የማስነግረው እኔ ነኝ።

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አውቄ ስሕተት ያስተማርኩበት ቀን የለም። ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ በደንብ አስተምረዋለሁ።

ወንድምሽ እንግዳው


መተማ፣ ጥር 20 ቀን 1930 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

አያ እንግዳው፣ የጤናዎ ወሬ እንደ ዝናብ ይናፍቀኛል። እኛ በመንግሥት ጥላ ሥር በሰላም አለን።

ልጄ መስከረም ከሐዘን ስትወጣ ለወግ ለማዕረግ የምትበቃ ናት፤ የሚፈልጋትም ትልቅ ሰው አላት። ጥርሷ ግን እንደ ምኞቴ አልነጣም። እርስዎ ጥርስ በማወቅ የታወቁ ነዎትና ምን መክሰስ እንደሚሻላት ዘርዝረው ይጻፉልኝ። እዚህ የሚመክረኝ አላገኘሁም፤ አቶ ፈረደ ጥርሳቸው ያማረ ቢሆንም ሴት ልጅ ወንድን ስለ አፉ አትጠይቅም ብዬ አፈርኩ።

አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 16 ቀን 1930 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

እታለም አገኘሽ፣ ልጅሽን ለወግ ያብቃልሽ።

ስለ ጥርስ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። በቅርቡ ከካርቱም የመጣ የተማረ ሰው አግኝቼ፣ በዱሮ ጊዜ ተማሪዎቼን የመከርኳቸው ብዙው ነገር ስሕተት እንደነበር ተረድቻለሁ።

ቆሎ ይቅርባት። ጥርስን ሳይታወቅ ይሸርፋል። መፋቂያም ትተው፤ ነጩን ሽፋን የሚልጠው እሱ ነው። ለጥርስ ከሁሉ የሚበልጠው ሐላዋ ነው። የሰሊጥ ቅባት ስላለው ጥርስን ይለብጠዋል። አኝኮ መዋጥ ግን ዋጋ የለውም፤ ቁራጩን በጉንጭ ይዞ ቀስ በቀስ ማሟሟት ነው። ውሃ ወዲያው አይጠጣበት፤ ቅባቱን ያጥበዋል። ሲተኙ ደግሞ አንድ ተምር በግራ መንጋጋ በኩል ይያዝ፤ በሳምንቱ በቀኝ።

ሐላዋ ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ስለዚህ በጾምም ከቅዳሴ መልስ ይበላል፤ ሁዳዴ ነው ብላ እንዳታቋርጥ። ሁለት ቆርቆሮ ሐላዋና አንድ ቁና ተምር ልኬያለሁ።

እንግዳው


መተማ፣ ግንቦት 11 ቀን 1930 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

አያ እንግዳው፣ እድሜዎን ያርዝመው። ተምሩ ደረሰኝ። ከሐላዋው ግን አንደኛው ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እስከ ግማሹ ጎድሎ ነው ያገኘሁት። ሙቀቱ አቅልጦት ይሆናል ብዬ ለአቶ ፈረደ ባመለክት፣ ጥቂት እንደቀመሱ በትሕትና ነገሩኝ። መፋቂያም ከተዉ ወር አልፏቸዋል። የኔታ ያሉት ልክ ነው፣ አፌ ቅባት ቅባት እያለኝ ነው ብለውኛል። ሰላምታቸውን ያቀርባሉ።

ለመስከረምም ለእሳቸውም እንዲበቃ በርከት አድርገው ይላኩ።

አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ ሰኔ 2 ቀን 1930 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

እታለም፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ስድስት ቆርቆሮ ልኬያለሁ። ለአቶ ፈረደ ሦስቱን በስማቸው ስጫቸው። የሚጠይቀኝ ተማሪ ሳገኝ ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ዓመት ቀዝቃዛ ውሃ ጥርስን ቢጠዘጥዝ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሽፋኑ እየበቀለ መሆኑ ነው። ይህ ሲሆን መጠኑን መጨመር ይገባል።

እንግዳው


መተማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአያ እንግዳው፤ በአብዱልሀኪም እጅ።

ወደ ሁለት ዓመት በጉምሩክ ስለ ሐላዋ ብቻ ስንጻጻፍ ከረምን። ዛሬ የልቤን ልጻፍ፤ የቆሰለ ልብ ሰላምታ ስለማያሳምር ይቅር ይበሉኝ።

ያሉት ሁሉ ሆኗል። የግራ መንጋጋው ጠቁሯል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ መስታወቱን ከኪሱ ሲያወጣው ካየሁ ወራት አለፉ። ሹሙ ሲናገር ጉንጩን ደግፎ ነው የሚተረጉመው፤ ቃል ይውጣል ብለው ከአሥመራ የመጣ ሌላ ቱርጁማን አጠገቡ አስቀምጠውበታል። ቅርንፉድ በአረቄ እየነከረ ይነክሳል።

ግን አያ፣ ጥርሱን የሚያመው ሰው ሌላውን ይረሳል ብዬ ነበር፤ እሱ ሰርጉን አልረሳም። ባለፈው እሑድ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ ቤቴ መጣ። ጥሎሽ የሚሆን ሸማ በእጁ ይዟል። መስከረም ከጓዳ አልወጣችም።

«ሠላሳ ሁለት ጥር ደረሰ፤ ልብሱን እያሰፋሽ ነው?» አለኝ።

«ታመሃል እኮ፤ ተሽሎህ ቢሆን» አልኩት።

«የሚስቁት ሚዜዎቼ ናቸው፤ እኔ አፌን ዘግቼ አገባታለሁ» አለ።

ዓመት ከመንፈቅ በእጄ ሐላዋ ሳጎርሰው ኖርኩ። እንደማሳድገው ጥጃ በየጊዜው አፉን አያለሁ። ሦስት ወር ቀርቶኛል። ካልመጣልዎ ልጄን ይዤ የጓንግን ወንዝ በሌሊት እሻገራለሁ፤ ያኔ አዛናው ለዘላለም ሜዳ ላይ ቀረ። ምን ያስባሉ?

አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 1 ቀን 1932 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

እታለም አገኘሽ፣ የሰርጉን ወሬ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

እኔ በዚህ ወር ታምሜ ነበር። የኋላ ጥርሴ አንዱ በእርጅና ተነቃንቆ እንቅልፍ ቢነሳኝ፣ እዚህ ከገበያው በስተጀርባ በሽር የሚባል ጸጉር አስተካካይ አለ፣ እሱ ነቀለልኝ። መጀመሪያ ድዱን የሚያደነዝዝ መጠጥ ያስይዛል፤ ከዚያ መነቀሉ አይታወቅም። ስምም አይጠይቅም፤ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። በሁለት ቀን ሥጋ በላሁ። ለሙሽራ ቤት ዘመድ የታመመ ጥርስ ካለበት ከሰርግ በፊት ማስነቀሉ ይሻላል፤ በሰርግ ማግስት ካበጠ ወደ ጆሮ ይወጣል፤ ሲብስም ይገድላል።

መንገዱ አሁን ደርቋል፤ ሎሪ በአንድ ቀን ተኩል ይደርሳል።

እንግዳው


መተማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1932 ዓ.ም.

አያ፣ ዛሬ ማለዳ ተሳፈረ። ለሹሙ እናቴ ሳንጃ አገር ታማለች ብሎ ፈቃድ ተቀበለ፤ ከዚያ የሰሊጥ ነጋዴ መስሎ ራሱን ጠምጥሞ ወደ እርስዎ በሚመጣው ሎሪ ላይ ወጣ። አብዱልሀኪም አጠገቡ ተቀምጧል። ይህች ወረቀት በአብዱልሀኪም ጫማ ውስጥ ናት፤ ከፈረደ እግር አንድ ስንዝር አትርቅም። ወሬዎ እስኪደርሰኝ አልተኛም።

አደራዎን።

አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእታለም አገኘሽ።

እግዚአብሔር የለመንሽውን ሰጥቶሻል። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

በሃያ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፈረደ በሽር ቤት ገባ። እኔ ከበሽር ጋር ተስማምቼ፣ ቀድሜ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጫለሁ። በሽር ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ አፉን አስከፍቶ አየ፤ ሦስት መንጋጋ እስከ ሥሩ በስብሷል፣ ድዱ መግል ይዟል። ጉጠቱን በእጁ እንደያዘ እኔ ወጣሁ።

አወቀኝ። ሊነሳ ፈለገ፤ ግን ራሱን ቀና ሲያደርግ ሕመሙ መልሶ አስቀመጠው። መናገር ስላልቻለ በጣቱ ወረቀት ጠየቀ፤ ሰጠሁት። «የኔታ፣ ምክርዎን አንድ ቀን አላጓደልኩም» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ እንደ ድሮው ያማረ ነው።

 እውነቱን ልንገርሽና፣ ይህን ሳነብ አሳዘነኝ። ከዚያ አዛናውን አሰብኩ።

«አዛናው ያላለውን ተርጉመህ አስገደልከው፤ እኔም የማላምንበትን ጽፌ አበሰበስኩህ» አልኩት። «አሁን አዛናው የት እንዳለ ትጽፍልኛለህ። ከዚያ በሽር ይነቅልሃል። ካልጻፍክ በሩ ክፍት ነው፤ ወደ መተማ ተመለስ።»

በሩን አየ። እስኪያስብ ድረስ አልቸኮልኩም፤ ተማሪ ፊደል ሲቆጥር እንደምጠብቀው ጠበቅሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። ከዚያ ጻፈ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩና ሌላ ሰጠሁት። እንደገና ጻፍ አልኩት። ከዚያ በሽር፣ ጸጉሩን ሊስተካከል የመጣ ሌላ ሰው አስተካክሎ እስኪጨርስ አስጠብቄ ሦስተኛ አስጻፍኩት። የሚዋሽ ልጅ አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት አይጽፈውም። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቃል በቃል አስተያየሁ፤ አንድ ናቸው። ከኮኪት ወደ መተማ ሲመጡ፣ ሁለተኛውን ደረቅ ወንዝ ሳይሻገሩ፣ በቀኝ በኩል የተሰነጠቀ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ፤ ከግንዱ በፀሐይ መውጫ በኩል አሥራ ሁለት እርምጃ። ጉድጓዱ ከወገብ አይጠልቅም።

በሦስተኛው ላይ ስሙን አስፈረምኩት። ይህን የጻፍኩት ገዳሪፍ ላይ፣ ለስደተኛው ለመምህር እንግዳው ነው የሚል ቃልም በእጁ ጨመረበት። ይህ ወረቀት እኔ ዘንድ ይቀመጣል። የመስከረምን ስም ካነሳ ወይም አንቺን ከነካ ለሹሙ ይደርሳል፤ ሹሙ ለሚከዳው ቱርጁማን ምን እንደሚያደርግ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በሽር ነቀለው፤ ሦስቱንም። ያን የሚያደነዝዝ መጠጥ በሽር ረሳው። እኔም አላስታወስኩትም።

ወንድምሽ እንግዳው


መተማ፣ ጥር 15 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአያ እንግዳው፤ በአብዱልሀኪም እጅ።

የለመኑት አይጣልብዎ። አገኘሁት።

ለእንጨት ለቀማ እንደምንሄድ ሆነን ከመስከረም ጋር ወጣን። ቁርቁራው አለ። ቆፈርን፤ ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ፣ አፈሩ ለይቶ አላስቀመጣቸውም። በጥርሱ ለየሁት። ከፊት ጥርሶቹ አንዷ በልጅነቱ ከግመል ወድቆ የተሸረፈች ናት፤ የቀሩት እንዳሉ ነበሩ፣ አንድም የጠቆረ የላቸውም። መስከረም እጇን ዘርግታ በነጠላዋ ጠረገቻቸው። በማግስቱ ቄሱን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበርነው፤ የቀሩትንም ሁለቱን አብረን። ፍትሐት ተደረገለት። ልጄ ጥቁሯን አወለቀች።

ፈረደ ተመልሶ ሥራው ላይ ነው። ደጄን አልረገጠም። ሸማውን በሰው መልሶ ወሰደ።

ይበቃሻል ይሉኝ ይሆናል። አዛናውን ሳየው በቃኝ ብዬ ነበር። ፈረደ ገበያ መሃል ጎምለል ሲል ባየው ግን አልበቃኝም።

አገኘሽ


ገዳሪፍ፣ የካቲት 20 ቀን 1932 ዓ.ም. (በጉምሩክ)

እታለም አገኘሽ፣ ለሞተው ዕረፍት፣ ለቀራችሁት ዕድሜ ይስጥ።

ስሕተት ያስተማረ መምህር ሳያርም መሞት የለበትም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ። ለጥርስ የሚስማማው መክሰስ የሽምብራ ቆሎ፣ የማሽላ እሸት፣ ስኳር ያልነካው የታመሰ ሰሊጥና እርጎ ነው። ሐላዋ፣ ተምርና ስኳር በጉንጭ አይያዙ፤ የበላቸው ሰው ወዲያው ይጉመጥመጥ። መፋቂያ በጠዋትም በማታም ይጠቅማል። ይህን ሃያ ስምንት ዓመት በዓይኔ አይቼ አረጋግጬዋለሁ። ደብዳቤዬን የሚያነብ ሁሉ ይጠቀምበት።

እንግዳው


መተማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለአያ እንግዳው፤ በአብዱልሀኪም እጅ።

ጤናዎን እለምናለሁ፤ እኛ ደህና ነን። መስከረም አብራኝ ገበያ ትቀመጣለች። ሽምብራ ቆሎና ሰሊጥ እንሸጣለን፤ ካለፈው የተረፈውንም ሐላዋ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ተከፍቶ ደረሰኝ። በሦስተኛው ቀን ፈረደ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና መጣ። ጉንጩ በግራ በኩል ገብቷል።

ሳልጠየቅ አንድ እፍኝ ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። ሐላዋውም አጠገቡ ነው።

«ሽማግሌው አሁን ደግሞ ቆሎ ብላ ይለኛል» አለ። እንዲያ ሲል ሳቀ፤ እጁን አፉ ላይ ማድረግ ረሳ። «አንዴ አምኜ ሦስት ጥርስ ከፈልኩ። ሐላዋ ተው ማለቱም ሐሰት ነው፤ ቆሎ ካለኝ፣ መርዙ ቆሎው ውስጥ ነው ማለት ነው።»

ቆሎውን በጣቱ ገፋው። ሐላዋውን ትልቁን ቁራጭ መረጠ፤ ከፈለ፤ በጉንጩ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣል። መፋቂያ እንደሆነ አልጀመረም።

እርስዎ እውነቱን ጽፈውለታል። እኔም ቆሎውን ከፊቱ አስቀምጬለት ነበር። ማንም አላስገደደውም።

በቀኝ በኩል ያሉትና የፊቶቹ ገና አልተነኩም። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው አሥር ቆርቆሮ ይላኩልኝ።

እህትዎ አገኘሽ